ደብተር ሰጥተን ብቻ አንሂድ

(በማኅበራችን ዓመታዊ የምሩቃን መገናኛ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሥራ አመራሩ ሃያ ደቂቃ ሰጥቶኛል። ከአምስት ኪሎ የወጣ ሰው ንግግር አያውቅም ብለው የስድስት ኪሎ ልጆች ከአሁኑ ፈገግ ማለት እንደጀመሩ እያየሁ ነው። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ። የምናገረው ብዙዎቻችን በምንኖርበት በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ማለትም በቦሌ፣ በገርጂ፣ በሰሚት፣ በአያት፣ በጎሮና በቦሌ አራብሳ ለሚኖሩ ችግረኛ ልጆች በበጎ ፈቃድ ስለማስተማር ነው። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር እጠይቃችኋለሁ። የምጠይቃችሁ ገንዘብ ስላልሆነ ዘና ብላችሁ ስሙኝ።

በመጀመሪያ ያለብንን ዕዳ ላስታውስ። እኛ ግቢ የገባነው የወጪ መጋራት ከመምጣቱ በፊት ነው። መኝታው፣ ምግቡ፣ ላይብረሪው፣ የመምህሩ ደመወዝ ሁሉ የተከፈለው ከሕዝብ ግብር ነው። የካፌውን ወጥ ስናማ ከርመን ይሆናል፤ ግን አንድም ቀን ሒሳብ አልከፈልንም። ከፋዩ ልጁን አንደኛ ደረጃ እንኳ ማስጨረስ ያልቻለ ገበሬና የቀን ሠራተኛ ነበር። ያ ሰው ዛሬ ደረሰኝ ይዞ አይመጣብንም። ልጁ ወይም የልጅ ልጁ ግን እኛ ሰፈር ነው ያለው።

ከእኛ በፊት የነበሩት ይህን ዕዳ በተለያየ መንገድ ከፍለዋል። በ1957 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «ዩኒቨርሲቲ ሰርቪስ» የተባለውን አገልግሎት ጀመረ። ተማሪው ዲግሪውን ከመውሰዱ በፊት አንድ ዓመት ከአዲስ አበባ ወጥቶ እንዲያገለግል ግዴታ ነበረበት፤ አብዛኛው የተመደበውም በአስተማሪነት ነው። በ1967 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተሰማሩ። በ1971 ዓ.ም. ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በአምስት ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ አሥራ አምስት ደረሰ፤ በፈረንጆቹ 1980 ከዩኔስኮ ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። እዚህ ከተቀመጡት ታላላቆቻችን መካከል በኩራዝ ብርሃን ፊደል ያስቆጠሩ እንዳሉ አውቃለሁ።

እነዚህ ሁሉ ትልልቅ ሥራዎች ነበሩ። ነገር ግን በትእዛዝ የተሠሩ ናቸው። ከዚህም በላይ ዘመቻ መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ዘማቹ ሲመለስ ጎልማሳው የሚያነበው መጽሐፍም፣ የሚጠይቀው አስተማሪም አጥቶ የቆጠረውን ፊደል መልሶ የረሳበት ቦታ ብዙ ነው። ዘመቻ ያበቃል፤ ልጅ ግን በየዓመቱ ይወለዳል፤ በየዓመቱም ትምህርት ቤት ይገባል።

ማንም ሳያዘው የጀመረ ሰው ደግሞ እነሆ። አቶ አስፋው የምሩ በልጅነቱ፣ ገና ዘጠኝ ዓመቱ ገደማ፣ ከቡልጋ በእግሩ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ያደረው በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። በኋላ ጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት የመግባት ዕድል አገኘ። ከትምህርት ቤቱ አጠገብ፣ በጳውሎስ ወጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ የሚለምኑ ልጆች ነበሩ። አስፋው ከተማሪዎች ማዕድ የተረፈውን ምግብ እያስፈቀደ ያወጣላቸው ጀመር። ልጆቹ ግን በልተው አልሄዱም። «አስተምረን» አሉት። እሱም ከክፍል ሲወጣ ዛፍ ሥር ሰብስቦ ማስተማር ጀመረ። ያኔ ራሱ ገና ጎረምሳ ተማሪ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መኪናቸው ላይ እያሉ መንገድ ላይ ቆሞ መሬት ጠየቀ፤ ተሰጠውም። በዚያ ላይ የቆመው አሠረ ሐዋርያት ትምህርት ቤት ነው። ቀጥሎም ሞያ ትምህርት ቤትን ከፈተ። በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆች ያለ ክፍያ ተምረው ወጡ። በፈረንጆቹ 2001 የዓለም ሕፃናት ሽልማት ተሸላሚ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ።

የአቶ አስፋውን ታሪክ ያነሳሁት «ሁላችንም ትምህርት ቤት እንክፈት» ለማለት አይደለም። እኔን የሚገርመኝ መነሻው ነው። ሕንፃ አልነበረውም፤ በጀት አልነበረውም፤ ዲግሪም አልነበረው። የነበረው በልጆቹ ዕድሜ አካባቢ ያሳለፈው ችግርና ከእነሱ ትንሽ ከፍ ያለ ዕውቀት ነው። የቀረውን ልጆቹ ራሳቸው ነገሩት። እኛ ደግሞ ዲግሪው አለን።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልምጣ። ቦሌ ሲባል ሰው ትዝ የሚለው ኤርፖርቱ፣ ፎቁና ካፌው ነው። ከተማው ግን ወደ ምሥራቅ ሄዷል። ለሚ ኩራ የሚባለው ክፍለ ከተማ በ2013 ዓ.ም. ከቦሌና ከየካ ተቆርጦ ሲቋቋም፣ አብዛኛው ነዋሪው ከመሐል ከተማ ወደ ኮንዶሚኒየም የመጣ ሰው ነበር። በዚህ አካባቢ ድጋፍ የሚፈልጉ ልጆችን እኛ ባየነው በሦስት ከፍለን እናያቸዋለን።

አንደኞቹ በኮንዶሚኒየም ተከራይተው ወይም ከመሐል ከተማ ተነሥተው የመጡ ቤተሰቦች ልጆች ናቸው። እናትየው ሥራዋ ያለው ድሮ የኖረችበት ሰፈር ነው። በታክሲና በባቡር ተሳፍራ በጨለማ ትወጣለች፤ በጨለማ ትመለሳለች። ልጁ ቁልፉን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ብቻውን ይውላል። ሁለተኞቹ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚያው መሬት ላይ ያርሱ የነበሩ ገበሬዎች ልጆች ናቸው። አባት ዛሬ የሕንፃ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ነው። ቤት ውስጥ የሚነገረው አፋን ኦሮሞ ነው። ስለዚህ ለእነዚህ ልጆች አፋን ኦሮሞ የሚችል አስተማሪ እንጂ «አማርኛህን አስተካክል» የሚል ሰው አይጠቅማቸውም። ከአባሎቻችን መካከል ቋንቋውን አሳምራችሁ የምትናገሩ አላችሁ፤ እናንተን በተለይ እንፈልጋችኋለን።

ሦስተኞቹ ደግሞ ያለ ወላጅ የመጡት ናቸው። ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ መገናኛ ሶፍትና ማስቲካ የሚሸጡ፣ ሚዛን ይዘው የሚቀመጡ፣ ጫማ የሚጠርጉ ልጆች አሉ። ከእነሱ በላይ የማይታዩት ግን በየቤታችን ያሉት ናቸው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጎንደር፣ ከሸዋ የመጡ፣ ሕፃን የሚይዙ፣ እንጀራ የሚጋግሩ ልጃገረዶች። ወደዚህ ነጥብ እመለሳለሁ።

ጥቂት የማኅበሩ አባላት ሆነን በአንድ የኮንዶሚኒየም መንደር ቅዳሜ ቅዳሜ ማስተማር ጀምረናል። የቤት ባለቤቶች ኮሚቴ ኮሚናሉን ፈቀደልን። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገብተን 5 ሰዓት ተኩል እንወጣለን። ከዚህ ሥራ የተማርነውን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ነገር ልጁ የሚማርበት ክፍል ቁጥር ስለ ዕውቀቱ ብዙ እንደማይነግረን ነው። አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ የአማርኛ መጽሐፉን ገልጦ አንድ ገጽ ሙሉ ጥርት አድርጎ አነበበልን። አጨበጨብንለት። ከዚያ ከዚያው ገጽ ላይ ያሉትን ቃላት ቅደም ተከተላቸውን ቀይረን ሰሌዳ ላይ ጻፍን። አንዱንም ማንበብ አልቻለም። ገጹን በክፍል ውስጥ ሲደጋገም ሰምቶ በቃሉ ይዞት ኖሯል። ይህ ልጅ ሰነፍ አይደለም፤ አንድ ገጽ ሙሉ በቃሉ የያዘ ጎበዝ ነው። ግን ማንበብ አይችልም፤ በየዓመቱም ወደሚቀጥለው ክፍል ያልፋል። በእኛ ከተማ 7ኛ ክፍል ሲደርስ ሳይንሱና ሒሳቡ በእንግሊዝኛ ይጠብቀዋል።

የመጨረሻውን ውጤት በየዓመቱ በዜና እንሰማዋለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆነ። ሁላችንም በዜናው ቀን ደንግጠን ስለ 12ኛ ክፍል እናወራለን። ነገሩ የተበላሸው ግን 12ኛ ክፍል አይደለም። ያ ልጅ 2ኛ ክፍል ላይ ሳድሱን ከሳብዑ ሳይለይ ያለፈ ጊዜ ነው። ፊደላችንን ያስተማረ ሰው ያውቀዋል፤ ካዕቡና ሣልሱ ሥርዓት አላቸው፤ ሳድሱ ግን በየፊደሉ መልኩን ይለውጣል። ልጁ የሚሰናከለው እዚያ ነው። እዚያ ላይ አጠገቡ ተቀምጦ ጣቱን ይዞ የሚያሳየው ሰው ካገኘ በጥቂት ወራት ይወጣዋል። ሰባ ልጅ ያለበት ክፍል ውስጥ ቆሞ የሚያስተምር መምህር ግን ያንን ጣት ሊይዝ አይችልም፤ ቢፈልግም አይደርስም።

በዚህ ረገድ ሕንዶች ጥሩ ነገር አሳይተዋል። ፕራትሃም የተባለ ድርጅት በፈረንጆቹ 1995 ከሙምባይ ተነሥቶ፣ ልጆችን በዕድሜና በክፍል ሳይሆን በሚያነቡበት ደረጃ መድቦ ማስተማርን አስፋፋ። ፊደል የማይለይ አንድ ቦታ፣ ፊደል የሚለይ አንድ ቦታ፣ ቃል የሚያነብ፣ አንቀጽ የሚያነብ፣ ታሪክ የሚያነብ እያሉ ይመድባሉ። የአንድ ልጅ ምዘና ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል። በ2019 የኖቤል ሽልማት ያገኙት አብሂጂት ባነርጂና አስቴር ዱፍሎ ይህን ሥራ በጥናት ፈትሸውታል። በአንድ የሕንድ አውራጃ ጥቂት ቀን ብቻ የሠለጠኑ የመንደር በጎ ፈቃደኞች ያስተማሯቸው ልጆች በግልጽ ተሻሻሉ። ችግሩ ወደ ትምህርቱ የመጡት ልጆች ጥቂት መሆናቸው ነበር። እንግዲህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ በጎ ፈቃደኛ ማስተማር ይችላል፤ ልጁን ማምጣት ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ይህ አመዳደብ ለእኛም እንግዳ አይደለም እኮ! የኔታ ዘንድ ማን በዕድሜ ተመደበ? ፊደል የሚቆጥር ከፊደል ቆጣሪ ጋር፣ አቡጊዳ የያዘ ከአቡጊዳ ጋር፣ ዳዊት የሚደግም ከዳዊት ደጋሚ ጋር ይቀመጣል። ከፍ ያለው ልጅ ጀማሪውን ያስቆጥራል። እኛም ኮሚናሉ ውስጥ ያንኑ አደረግን። የ8ኛ ክፍል ልጆች ትንንሾቹን ለግማሽ ሰዓት ያስነብባሉ፤ ከዚያ የራሳቸውን ሒሳብ ከእኛ ጋር ይሠራሉ። የቀሩ ዕለት ትንንሾቹ በር በራቸውን አንኳኩተው ይጠሯቸዋል።

ሁለተኛው የተማርነው ነገር ልጆቹ የሚያውቁትን ማክበር ነው። እናቷ ጉልት የምትቸረችር አንዲት ልጅ አለች። ሁለት ኪሎ ተኩል ሽንኩርት ስንት እንደሚሆንና ከሁለት መቶ ብር ስንት መልስ እንደሚሰጥ ዓይኗን ሳትጨፍን ትነግራችኋለች። ደብተሯ ላይ 87 ሲቀነስ 39 ብለን ስንጽፍላት ግን ተሳሳተች። በቅርቡ እነዱፍሎ በካልካታና በዴልሂ ገበያ የሚሠሩ ልጆችን ጠይቀው ይህንኑ አግኝተዋል። የገበያው ሒሳብና የደብተሩ ሒሳብ አልተገናኙም። ስለዚህ እኛ ከሽንኩርቱ ጀመርን። «አንቺ እኮ ይህን ትችያለሽ፤ አሁን የምትችይውን እንጻፈው» አልናት። ያንን ቀን ፊቷን ብታዩ!

ሦስተኛው ምግብ ነው። በከተማችን የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የተጀመረው ምገባ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ይህን ሳልናገር አላልፍም። ቅዳሜ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ስለዚህ ሻይና ዳቦ ከትምህርቱ በፊት ነው የምናቀርበው። ከትምህርት በኋላ ከሆነ ልጁ ዳቦውን እንጂ ፊደሉን አያይም።

አራተኛው መደጋገም ነው። ልጅ የሚያምነው ቃል የገባ ሰውን ሳይሆን የመጣ ሰውን ነው። ባለፈው ዓመት በዝናብ ቀን ሁለት ሆነን ስንመጣ ልጆቹ ቀድመውን በር ላይ ቆመው ነበር። አንዱ «ቲቸር፣ ዘንቦም ትመጣላችሁ?» አለኝ። ዘንቦም እንመጣለን። በዓመት አንድ ቀን ደብተርና እስክሪብቶ ይዘን ሄደን፣ ልጆቹን አሰልፈን፣ ፎቶ ተነሥተን የምንመለስበት ልማድ ክፉ ነው አልልም፤ ደብተሩ ያስፈልጋል። ግን ደብተር ያላነሰው ልጅ ሞልቷል። ያነሰው ደብተሩ ላይ የጻፈውን አይቶ «ይህቺን እስቲ አስተካክላት» የሚለው ሰው ነው።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ፤ ቃል ገብቻለሁና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅን መቅጠር ይከለክላል። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ ግን ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ ትቶታል። ሕጉ እስኪሞላ ድረስ ክፍተቱ ያለው በእኛ ሳሎንና ማድ ቤት ነው። በየቤታችን ያለችው ልጅ ዕድሜዋ ስንት ነው? ስንተኛ ክፍል አቋርጣ ነው የመጣችው? የማታ ትምህርት ቤት ተመዝግባለች? ከተመዘገበችስ እንግዳ የመጣ ዕለት ትቀራለች ወይስ ትሄዳለች?

እሑድ ከሰዓት ለእነዚህ ልጆች ሁለት ሰዓት መድበን ነበር። መጀመሪያ ብዙም አልመጡም። አንዷን ምክንያቱን ስጠይቃት «እትዬ ካልፈቀዱ እንዴት እመጣለሁ?» አለችኝ። ያኔ ነው ሥራው ከልጆቹ ሳይሆን ከአሠሪዎቹ መጀመር እንዳለበት የገባን። በር አንኳኩተን እያስረዳን አንዳንዶቹ ፈቀዱ። ጓደኞቼ፣ አሠሪዎቹ እኛ ነን። የእኛ ልጅ በግል ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ማታ አስጠኚ ተቀጥሮለት፣ ያንኑ ልጅ አዝላ ያሳደገችው ልጅ ስሟን መጻፍ ሳትችል ከቤታችን ብትወጣ፣ ኬኔዲ ላይብረሪ ያደርናቸው ሌሊቶች ምን አስተማሩን? ይህን የምለው ማንንም ለማሳፈር አይደለም። ከሁሉም ቀላሉ በጎ ፈቃድ ይህ ስለሆነ ነው። ታክሲ አያስፈልገውም፤ ስብሰባ አያስፈልገውም። በማታ ትምህርት ሰዓት «ሂጂ፣ ሳህኑን እኛ እናጥባለን» ማለት ብቻ ነው።

አንዳንድ ወዳጆቼ «ይህ የመንግሥት ሥራ አይደለም ወይ?» ይሉኛል። ነው እንጂ! ትምህርት ቤት መሥራት፣ መምህር መቅጠር፣ መጽሐፍ ማሳተም የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ ልንተካው አንችልም፤ መሞከርም የለብንም። የእኛ ድርሻ ትምህርት ቤቱ የማይደርስባት ያቺ ሁለት ሰዓት ናት። ሌሎች ደግሞ «ጊዜ የለኝም፤ ገንዘብ ልስጥ» ይላሉ። ገንዘቡን እንቀበላለን፤ ዳቦው በገንዘብ ነው የሚገዛው። ስለ ጊዜው ግን የአገራችን ሰው «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» ይላል።

ሥራው ከሰው ልጅ ጋር ስለሆነ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ ያወጣናቸውን ደንቦች ልንገራችሁ። ማንም አስተማሪ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይቀመጥም፤ ሁልጊዜ ሁለት ትልቅ ሰው ይኖራል። ልጅን ወደ ቤታችን አንወስድም። የልጁን ፊት ፎቶ አንሥተን አንለጥፍም፤ ድህነት ማስታወቂያ አይደለም። «ውጭ አገር እልክሃለሁ፣ አሳድግሃለሁ» የሚል ቃል አንሰጥም። ወላጅ ወይም አሳዳጊ ሳያውቅ ልጅ አንመዘግብም። ስለ ሃይማኖትና ስለ ፖለቲካ አንሰብክም። ክፍለ ከተማውና ወረዳው የሚያስተባብሩት የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ስላለ፣ ክረምት ላይ ከእነሱና ከትምህርት ቤቶቹ ጋር ተነጋግረን እንሠራለን።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይኸውላችሁ። በር ላይ መዝገብ አለ። በወር ሁለት ቅዳሜ፣ ለአንድ የትምህርት ዘመን፣ ከመስከረም እስከ ሰኔ። ከዚያ በላይ አልጠይቅም፤ ከዚያ በታች ግን አትመዝገቡ። ለሦስት ሳምንት መጥቶ የሚጠፋ ሰው ካልመጣው ይልቅ ይጎዳል፤ ልጁ «እኔን ጠልቶ ነው የቀረው» ብሎ ያስባልና። አማርኛና አፋን ኦሮሞ ማስነበብ የምትችሉ፣ ሒሳብ የምትችሉ፣ እንግሊዝኛ የምትችሉ በየዓምዱ ጻፉ። ሐኪሞቻችን ደግሞ በዓመት ሁለት ቀን የልጆቹን ዓይን ብታዩልን እንለምናለን፤ «ማንበብ አይችልም» የተባለ ልጅ ሰሌዳው ሳይታየው ቀርቶ የተገኘበት ጊዜ አለ። ጡረታ የወጣችሁ መምህራኖቻችን እኛን አሠልጥኑን፤ መሐንዲስና አካውንታንት ፊደል ማስቆጠር አልተማረም። በውጭ አገር ያላችሁና ይህን መጽሔት የምታነቡ አባላት፣ ለአገራችሁ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተጻፉ የተረት መጻሕፍት መግዣ ማዋጣት ትችላላችሁ፤ ማንበብ የጀመረ ልጅ የሚያነበው ካጣ ይረሳልና።

ጉልበት ያላችሁ በጉልበታችሁ፣ ዕውቀት ያላችሁ በዕውቀታችሁ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ያለቻችሁ በፈቃዳችሁ ኑ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ሻዩ ከ2 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ይፈላል።